የፈረስ ተጎታች የሚስብ ፒካፕ፦ የዓመት ወጪውን ከመግዛት በፊት ማስላት

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የላውደን ካውንቲና በሚድልበርግ ከተማ ዙሪያ፣ ፈረስ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ አካባቢ ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ሰው ፈረስ ሲገዛ፣ እንስሳውን ወደ ሐኪም፣ ወደ መጋለቢያ ወይም ወደ ውድድር የሚያደርሰው መኪና ጉዳይ ወዲያው ይነሣል። አብዛኛው ገዢ የሚሰጋው ቤንዚኑን ነው፤ ሒሳቡ በወጉ ሲሠራ ግን ትልቁ ወጪ የሚከማቸው መኪናው ያለ ተጎታች በሚነዳበትና ደጅ በሚቆምበት ጊዜ መሆኑ ይታያል።

ወጪውን የሚወስነው የመኪናው ትልቅነት ስለሆነ በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ። ሁለት ፈረስ የሚይዝ ተጎታች ባዶውን 3,000 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ አንዱ ፈረስ 1,100 ፓውንድ ቢሆን ሁለቱ 2,200፣ በተጎታቹ ውስጥ የሚጫነው ድርቆሽ፣ ውሃና ኮርቻ ደግሞ 400 ቢመዝን፣ ጠቅላላው 5,600 ፓውንድ ይሆናል። ፎርድ ኤፍ-150፣ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 እና ራም 1500 ተገቢው የመጎተቻ መሣሪያ ከተገጠመላቸው ይህን ያህል ይስባሉ፤ ሻጩም የሚያሳይዎት ይህንኑ የመሳብ አቅም ነው። እኔ ግን አስቀድመው የሾፌሩን በር ከፍተው በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ወረቀት እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት የሚናገረው እሱ ነው። ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ ማለትም ከ560 እስከ 840 ፓውንድ፣ በመኪናው የኋላ መንጠቆ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ 1,500 ቢል፣ እያንዳንዳቸው 170 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ሲሳፈሩ 680 ይይዛሉ፤ በዚህ ላይ 840 ሲጨመር 1,520 ስለሚሆን፣ በፒካፑ ላይ አንድም ዕቃ ሳይጫን ልኩ ታልፏል ማለት ነው። ከልኩ በላይ የሚጫን መኪና ፍሬኑንና ካምቢዮውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ከዚያም በላይ፣ ከኋላ የቆሙት ሕይወት ያላቸው እንስሳት ናቸው።

በሌላ በኩል ለሁለት ፈረስ ብቻ ከባድ የናፍጣ ፒካፕ መግዛት ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ መክፈል ነው። የናፍጣው ሞተር በመግዣ ዋጋው ላይ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ የሚወስደው የሞተር ዘይት ብዙ ነው፣ የነዳጅ ማጣሪያዎቹም በየጊዜው ይቀየራሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ፈረስ ለሚጭን ወይም ተራራማ መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ግን ተገቢ ምርጫ ነው።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ፣ በዓመት 10,000 ማይል የሚነዳ ፒካፕ እንውሰድ፤ ከዚህ ውስጥ 2,000 ማይሉ ተጎታች እየሳበ፣ የቀረው ያለ ተጎታች ይሁን። ሲስብ በአንድ ጋሎን 10 ማይል፣ ሳይስብ 18 ማይል ቢሄድ፣ የመጀመሪያው 200 ጋሎን፣ ሁለተኛው 444 ጋሎን ይፈጃል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብናስበው ጠቅላላው 1,930 ዶላር ገደማ ይመጣል። ፈረስ መሳቡ በዓመት የጨመረው 89 ጋሎን፣ ይኸውም 267 ዶላር ብቻ ነው። በአንጻሩ እነዚያን 8,000 ማይሎች በጋሎን 30 ማይል በምትሄድ ትንሽ መኪና ብንነዳቸው ኖሮ 178 ጋሎን ወይም 534 ዶላር እናተርፍ ነበር። ስለዚህ ፒካፑን ለሥራ መመላለሻና ለገበያ መጠቀም በነዳጅ በኩል ፈረስ ከመሳቡ እጥፍ ያስወጣል።

ከነዳጁ የሚበልጠው ግን ማንም ደረሰኝ የማይቆርጥለት የእርጅና ቅናሽ ነው። በ36,000 ዶላር የተገዛ ፒካፕ ከስድስት ዓመት በኋላ በ18,000 ቢሸጥ በየዓመቱ 3,000 ዶላር ጠፍቷል። በቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ የንብረት ግብር ያስከፍላሉ፤ ሜሪላንድ በግል መኪና ላይ እንዲህ ያለ ግብር የላትም። ተጎታቹም ግብር እንዳለበት የካውንቲውን የግብር ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ።

ኢንሹራንሱን በሚመለከት፣ ፒካፑ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የተገባው ውል ብዙውን ጊዜ የሚስበውን ተጎታች ይጨምራል፤ ተጎታቹ ራሱ ቢሰበር ወይም ፈረሱ ቢጎዳ ግን ለየብቻ ውል ያስፈልጋል። የጎረቤትን ፈረስ በክፍያ ማመላለስ በግል ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሸፈን፣ ወጪውን በዚህ እሸፍናለሁ ብለው አያቅዱ። የመንገድ ላይ እርዳታ ውልም እንስሳ የጫነ ተጎታችን ይሸፍን እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል፤ ለፈረስ ባለቤቶች ተብሎ የተዘጋጀ እንደ ዩኤስ ራይደር ያለ አገልግሎት መኖሩም ሊታወቅ ይገባል።

ጥገናው ላይ ጥንቃቄ አይጉደልዎት። የመኪናው መመሪያ መጎተትን ከከባድ አገልግሎት ስለሚቆጥረው የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይቀየራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ተጎታቹን ነው። ኩሽኔታዎቹ በየዓመቱ ወይም በ12,000 ማይል ወልቀው ታጥበው አዲስ ግሪስ መቀባት አለባቸው፤ ግሪሱ የደረቀበት ኩሽኔታ ግሎ ቸርኬውን እስከማስጣል ይደርሳል። ከጉዞ መሀል ለዕረፍት ሲቆሙ መዳፍዎን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሀል ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ጉዞውን አይቀጥሉ። የተጎታች ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይና በመቆም ብዛት ስለሚሰነጣጠቅ፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ለመቀየሪያው ገንዘብ ተይዞ መቆየት አለበት። ከስኮርታው ጋር የተጎታቹን ክብደት የሚችል ክሪክም አብሮ ይያዝ።

አሁን ሁሉንም እንደምረው። የእርጅና ቅናሹ 3,000፣ ነዳጁ 1,930 ነው፤ ለምሳሌ ያህል ኢንሹራንሱ 1,800፣ ግብሩ 900፣ ጥገናና ጎማ 1,500 ቢሆኑ፣ ፒካፑ በዓመት 9,130 ዶላር ወይም በማይል 91 ሳንቲም ይፈጃል። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ ጉዞ የፈቀደው ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለነበር፣ የእርስዎ ድምር ከዚህ በጣም ካነሰ የተረሳ ወጪ መኖሩን ይጠርጥሩ። ፈረስ ባይኖርዎት ይይዟት የነበረች ትንሽ መኪና በዓመት 5,500 የምትፈጅ ቢሆን፣ ልዩነቱ 3,630 ነው፤ ለተጎታቹ የዓመት ወጪ ለምሳሌ 1,150 ሲጨመር 4,780 ይመጣል። በዓመት 20 ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ይህ ለአንድ ጉዞ 239 ዶላር ነው፤ አምስት ጊዜ ብቻ ለሚጓዝ ግን 956 ይሆናል።

ይህን ቁጥር ይዘው ፈረስ ለሚያመላልሱ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ይደውሉና የሚያዘወትሩትን መንገድ ጠቅሰው የደርሶ መልስ ዋጋ ይጠይቁ። ሌሊት ሆዱን የታመመ ፈረስ ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርሱም አብረው ይጠይቁ፤ ዋጋቸው ከእርስዎ ስሌት ቢያንስ እንኳ፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ካልተገኘ ፒካፑን መግዛት ምክንያት አለው።