ከክረምት የወጣ መኪና፦ አጠባ፣ ጭረትና የተላጠ ቀለም

ክረምቱ ወጥቶ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም የሚታየው ሁሉ ጭረት ይመስላል። ብዙው ግን ጭረት አይደለም፤ ከሕንፃ ሥራ የተንጠባጠበ ሲሚንቶ፣ ከጎማ የተፈናጠረ ሬንጅ፣ የግቢ በር ወይም ሌላ መኪና ተፋቅቶ ጥሎት የሄደ ቀለም ነው። ስለዚህ ኮምፓውንድ (ቀለምን በስሱ እየፋቀ የሚያለሰልስ ማሻ) ገዝቶ ማሸት ከመጀመር በፊት መስመሩ ምን እንደሆነ ለዩ። ታሽቶ ያለቀ የፋብሪካ ቀለም አይመለስም።

ሥራውን ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ለማድረስ አትቸኩሉ። የአዲስ አበባ ዝናብ እስከ መስቀል ሰሞን፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ ብቅ ጥልቅ ይላል። እርጥበት ባለው አየር የተቀባ ክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ሲደርቅ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ ቀለሙም እርጥብ ብረት ላይ ከወደቀ በሚቀጥለው ክረምት ይነሳል። አጠባውን መስከረም ላይ ጨርሱ፣ የቀለሙን ሥራ ለጥቅምት አቆዩት።

ከታች ይጀመር

የክረምት ጭቃ ጉዳቱ በማይታይበት ቦታ ነው። ከጎማው በላይ፣ በፓራፋንጎው የውስጥ ከንፈር ላይ የተጋገረ ጭቃ እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ አብጦ ሲታይ ብረቱ ብዙውን ጊዜ ተበልቷል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ጭቃውን በውሃ አርሱት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ በጣት እየዳሰሳችሁ አውጡት። ደርቆ ሳለ በብረት አትፋቁት።

ከበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በሩን ስትከፍቱና ስትዘጉ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ተደፍነዋል ማለት ነው፤ በስቴኪኒ ክፈቷቸው። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር የተጠራቀመውን የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠልም አውጡ። እሱ ሲደፍን ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ሞኬቱን ያርሳል። ያኔ መኪናው የሚሸተው ሻጋታ በሽቶ አይጠፋም።

አንዳንድ ላቫጆ ካጠበ በኋላ ከሥር ናፍጣ ይረጫል። ለአንድ ሳምንት ያብረቀርቃል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል፤ የእግሮቹን ጎሚኒዎች ደግሞ ያሳብጣቸዋል። አይረጭባችሁ።

ለአካሉ ሁለት ባልዲ ያዙ፣ እያንዳንዱ 10 ሊትር። አንዱ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ጨርቁ መኪናውን በነካ ቁጥር መጀመሪያ በንጹሕ ውሃው ይታጠባል፣ ከዚያ ሻምፖው ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ ስታዩት እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ክብ ክብ ጭረት የሚመጣው ይህን ከመዝለል ነው፤ ከእናንተ በፊት ገልባጭ መኪና ያጠበ ስፖንጅ አሸዋውን ይዞ ወደ እናንተ ኮፈን ይመጣል። ከጣሪያ ጀምሩ፣ ወደ ታች ውረዱ፣ የታችኛውን አንድ ሦስተኛ በሌላ ጨርቅ እጠቡ። መሬት የወደቀ ጨርቅ የዚያን ቀን አይመለስም።

ኦሞ አይሆንም፤ ያልሟሟው ዱቄት ራሱ ይጭራል። ላርጎ በየሳምንቱ ሰሙን ያወልቃል፣ ነገር ግን በዓመት አንዴ፣ ቀለም ከመጠገን በፊት አሮጌውን ሰም ለማንሳት ጥሩ ነው።

ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን ዳስሱ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው በፌስታል እንደ አሸዋ ይኮሰኩሳል። ጥቁር ነጥብ ከሆነ ሬንጅ ነው፦ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራችሁ ለአንድ ደቂቃ አሳርፉበት፣ ጥረጉ፣ ወዲያው በሻምፖ እጠቡ። ሲሚንቶ ከሆነ ኮምጣጤ በእኩል ውሃ ቀጥናችሁ በጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል አርሱት፤ ሲለሰልስ በጥፍር ሳይፋቅ ይነሳል። ደረቁን መፈንቀል የመጨረሻው ስህተት ነው፣ ክሊሩን ይዞት ይሄዳል። ከሌላ መኪና የተጋባ ቀለም ደግሞ ከራሳችሁ ቀለም በላይ ከፍ ብሎ ይዳሰሳል። በአልኮል ሞክሩት፣ እምቢ ካለ በጥቂት ኮምፓውንድ። ቲነር አታስጠጉ፤ በተለይ ቀድሞ የተቀባ መኪና ከሆነ ሥሩን ያቀልጠዋል።

ውሃና ጥፍር

አሁን የቀረው እውነተኛ ጭረት ነው። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ሽፋኑ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ማይክሮን ነው። ከዚህ ላይኛው ብርጭቆ መሰሉ ክሊር ከ35 እስከ 50 ይሆናል፤ ከጠጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ማሸት የሚያድነው ክሊሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ጭረቱ ላይ ውሃ አድርጉ። እርጥብ ሳለ ከጠፋ ክሊር ላይ ነው፣ ይታሻል። ውሃ ውስጥም ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ከታየ ከቀለሙ ሥር ወዳለው መነሻ ቅብ፣ ወደ ፕራይመር፣ ደርሷል። ከዚያ ጥፍራችሁን ሳትጫኑ በአግድም አሳልፉበት፤ ከያዘው ማሸት አያጠፋውም፣ ጠርዙን ብቻ ያለዝባል። በር እጀታው ሥር በጥፍርና በቀለበት የተፋተጉት ጭረቶች ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲነካቸው የሚጠፉት ናቸው፤ ከአንድ ሜትር ሲታዩ ግን ያስፈራሉ።

የሚታሸውን ጥላ ውስጥ፣ መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ ተመችቷችሁ ማሳረፍ ስትችሉ አሹ። ብረቱ ከጋለ ኮምፓውንዱ ሥራውን ሳይሠራ ይደርቃል። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቦታ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል አራት ጠብታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፣ መጠነኛ ግፊት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ መኪናው ክሊር የለውም፣ አንዳንድ ተራ ነጭ ቀለሞች እንደዚያ ናቸው፤ ወይ ክሊሩን ጨርሳችሁታል። በር ውስጥ ካለ ድብቅ ቦታ ላይ አስቀድሞ መሞከር ልዩነቱን ያሳውቃል። የኮፈንና የበር ጠርዝ፣ የአካሉም ሹል መስመር ላይ ቀለሙ ቀጭን ስለሆነ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑት።

ስትጨርሱ ቦታውን በአልኮል ጥረጉ። ብዙ ፖሊሽ ዘይት አለው፣ ጭረቱን ይሞላዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከሁለት አጠባ በኋላ ይመለሳል። በአልኮል ተጠርጎ ያልተመለሰ ነው የዳነው። ጭረት በጥርስ ሳሙና ይጠፋል የሚባለውም ምስጢር የለውም፤ በጣም ደካማ ኮምፓውንድ ነው፣ ለጥልቅ ጭረት አያገለግልም።

ጠጠር የመታው ቦታ

የኮፈን ፊት ላይ የጠጠር ቁስል ቀርባችሁ ስታዩት ዙሪያው የተነሳ ነጭ ቀለበት፣ መሐሉ ግራጫ ፕራይመር ወይም ባዶ ብረት፣ ክረምት ካለፈበት ደግሞ ወደ ታች የወረደ ቡኒ እንባ አለው። እንባው ካለ ቀለም ብቻ መቀባት ዝገቱን መክደን ነው። በመርፌ ጫፍ የላላውን ቀለም ሁሉ አንሱ፤ ጠርዙ መርፌውን እምቢ እስኪል ድረስ። ቁስሉ ትንሽ ቢሰፋም ይስፋ። ብረቱ ላይ ዝገት ከቀረ የዝገት መቀየሪያ ጠብታ አድርጉና ማሸጊያው የሚለውን ጊዜ ጠብቁ። ከዚያ በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ፣ በባዶ እጅ አትንኩት።

ቀለሙ በኮድ ይገዛል። ቶዮታ ላይ ኮዱ ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ «ከለር» ወይም «C/TR» ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል፤ 040 የታወቀው ነጭ ነው፣ 070 ደግሞ ባለሦስት ሽፋን ፐርል። ኮዱን በሚዛን የሚቀላቅል ቀለም ቤት ስጡት፣ የሚችለውን ትንሹን መጠን ጠይቁ፤ ለአንድ ቁስል አንድ ሚሊ ሊትርም አይፈጅም። ግን ኮዱ የአዲስ መኪና ቀለም ነው። አሥር ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቀለሙ ደብዝዟል፤ ያውም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጋችሁ፣ ሲደርቅ ክሊር ደርባችሁ፣ ኮፈኑ ላይ አስጠግታችሁ አወዳድሩ። እርጥቡን ቀለም ማወዳደር ያሳስታል።

ብረቱ ባዶ ከሆነ በመጀመሪያ ቀጭን ፕራይመር፣ አንድ ሰዓት ይድረቅ። ቀለሙን ጠርሙሱ ላይ በመጣው ወፍራም ብሩሽ አትቀቡት፤ ከቁስሉ ውጭ የሚፈሰው በሱ ነው። ስቴኪኒ ነክራችሁ መሐሉን ብቻ ንኩ፣ ቀለሙ ራሱ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። በየመሐሉ ግማሽ ሰዓት እየጠበቃችሁ ሦስት አራት ቀጭን ጠብታ። አንድ ወፍራም ጠብታ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በማግሥቱም መሐሉ ይሰረጉዳል። ቀለሙ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲቀር አቁሙ፣ ለክሊር ቦታ ይቅርለት።

ከሃርድነር (ክሊሩን ከሚያጠነክረው ፈሳሽ) ጋር የሚቀላቀል ክሊር ይበረታል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ሁለት ለአንድ ነው፣ ጣሳው የሚለውን ግን እዩ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ክሊር፣ 1 ሚሊ ሊትር ሃርድነር መለካት ይቻላል። ደጅ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። በጠብታ ነው እንጂ በመርጨት አይደለም፤ የሃርድነር ጉም ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ተራ ማስክም አያግደውም። የመጨረሻው ጠብታ ከዙሪያው በትንሹ ከፍ ይበል።

ከዚያ ሳምንት ጠብቁ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ በማግሥቱ ሲያሽ ጠብታው ተነቅሎ ይወጣል። ሳምንቱ ሲሞላ ከላጲስ ጫፍ ላይ ጣት ጥፍር የምታህል 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ፣ ሳሙና ባለው ውሃ እያረሳችሁ ከፍ ያለውን ብቻ አሹ። በየአሥር ምቱ ጥረጉና እዩ። ነጥቡ ከዙሪያው ጋር እኩል ሲደበዝዝ ወደ 3000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ። ሰም ለአንድ ወር አይንካው።

ብርማና ሜታሊክ ቀለም በስቴኪኒ ሲቀባ ብልጭታው እንደተረጨው አይተኛም፤ ትንሽ ይጠቁራል። ከሁለት እርምጃ ካልታየ ሥራው ተሳክቷል፣ ከዚያ በላይ አትፈልጉት። ወደ ብረት የዘለቀ ረጅም ጭረት ሲሆን ግራና ቀኙን አንድ ሚሊ ሜትር ትታችሁ በቴፕ አጥሩ፣ በቀጭን ብሩሽ ሙሉ፣ ቴፑን ቀለሙ ሳይደርቅ አንሱ። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው) ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ግን የፕላስቲክ ፕራይመር ከሌለው ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

እጅ የማይገባበት

ከመዳፍ የሰፋ፣ የተሰረጎደ፣ አብጦ ፊኛ የያዘ ወይም ፐርል ቀለም ላይ ያለ ሰፊ ጉዳት የባቲላሜራና የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። መኪናውን ስታስረክቡ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ተፍቆ ሳታዩ ስቱኮ (ስርጉድ የሚሞላ ሊጥ መሰል መሙያ) እንዳይለጠፍበት ተነጋገሩ፤ ከተቻለ ብረቱ ሲታይ ፎቶ ይላኩላችሁ። ሲያስረክቧችሁ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የሌላው በር ብረት ላይ አጥብቆ የያዘ ማግኔት የተጠገነው ላይ ከተንሸራተተ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ ነው።

የተረፈውን ቀለም ባለቀ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ውስጥ፣ በአሴቶን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ኮዱንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከመጠቀም በፊት ሁለት ደቂቃ ይናጥ፤ ሜታሊኩ ከታች ይዘቅጣልና።