ዝምተኛውን እምቢ ባይ ፊልም ስናደርገው የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ የፊልም ጽሑፍ የሚሞክሩ ወጣቶች ሥራቸውን እንዳነብላቸው ሲያመጡልኝ፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ በደርግ ዘመን መሣሪያ ሳያነሳ፣ ድርጅትም ሳይገባ ለብቻው እምቢ ስላለ ሰው ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ስህተቶቹ ግን ከጽሑፍ ጽሑፍ ይመሳሰላሉ።

መጀመሪያ የማየው የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። የውጭ መጻሕፍት ቀይ ሽብርን በ1977 እና በ1978 ያስቀምጡታል፤ በእኛ ግን 1969 እና 1970 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ደራሲ አሰሳውንና የሌሊት አፈሳውን ወስዶ ወሎ በድርቅ ባለቀችበት በ1977 ዓ.ም. ላይ ይጥለዋል፤ ሁለቱንም ዘመን በየራሱ ሐዘን የሚያስታውስ የደሴ ተመልካች ደግሞ ይህን ይቅር አይልም። በ1970 ዓ.ም. ትዕይንት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ማስገባትም ያው ነው፤ ፓርቲው የተመሠረተው በ1977 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነውና። ወሎም ያኔ ክፍለ ሀገር እንጂ ዞን አልነበረችም።

ሁለተኛው ዝምተኛውን ሰው ማናገር ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ እያነሳ «ይውደም!» ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ማሳየት ከሦስት ገጽ ንግግር ይበልጣል። ከስብሰባው በኋላ ሊቀ መንበሩ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ትከሻዎን አመመዎት እንዴ?» ቢላቸው፣ እሳቸውም «ቁርጥማት ነው፣ ልጄ» ብለው ቢያልፉ፣ ሁለቱም ነገሩ ቁርጥማት እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ያንን ሊቀ መንበር ቀንድ ያበቀለ ጭራቅ ማድረግ ነው። እንደኔ እንደኔ ፊልሙ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ጎረቤት ነው፤ በአንድ ዕድር ድንኳን አብረው ተቀምጠዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ስለሰጠ፣ የሽማግሌው ጣሪያ በዚሁ ጎረቤት እጅ ሊሆን ይችላል፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳርም እንዲሁ። እጅ አለማንሳት ምን እንደሚያስከፍል ተመልካቹ የሚረዳው፣ ሚስትየው ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትመለስ ሲያይ ነው እንጂ መትረየስ ሲንጣጣ ሲሰማ አይደለም።

ኮምቦልቻን ደሴ አድርጎ መቅረጽ ትንሽ ስህተት ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ግን ብርዱ ሲለወጥ ያውቃልና፣ ተዋናዩ ቢያንስ ጋቢ ይደርብ።

የመጨረሻው እምቢታውን በግድ ፍሬ ማስያዝ ነው። በርሊን ውስጥ ኦቶና ኤሊዘ ሃምፐል የተባሉ ባልና ሚስት ሂትለርን የሚቃወሙ ከ200 በላይ ፖስትካርዶች እየጻፉ በየሕንፃው ደረጃ ላይ ጥለው ነበር፤ አብዛኞቹን ያገኟቸው ሰዎች ራሳቸው ለፖሊስ አስረከቡ፤ ጥንዶቹም በ1943 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። ታሪካቸውን ያጸናው ይህ ነው፤ የእኛ ደራሲ ግን ሽማግሌውን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ በሕዝብ ትከሻ ካላሳረፈ እንቅልፍ አይወስደውም።