ማይኩ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት

መጀመሪያ ስቱዲዮ የገባሁ ቀን፣ አቅራቢው የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ትቶ "ታዲያ ማን ያሸንፋል?" አለኝ። እኔ ለአሥር ዓመት ያጠናሁት የምርጫ ሕግ ነው። ስለዚያ ምርጫ ያነበብኩት ግን ሁለት ዜና ብቻ ነበር። "አላውቅም" ለማለት አፈርኩ። ስም ጠራሁ። በሦስተኛው ቀን ሌላው ሰውዬ አሸነፈ። ተማሪዎቼ ሴሚስተሩን ሙሉ ሙድ ያዙብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማይክ ፊት ተቀምጫለሁ። ፖለቲካል ሳይንስ እያስተማራችሁ ወደ ሚዲያ ብቅ ለማለት ላሰባችሁ፣ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አዘጋጁ ሲደውል ቶሎ እሺ አትበሉ። ቀጥታ ስርጭት ነው ወይስ ተቀርጾ? ስንት ደቂቃ? አብሮኝ የሚቀርበው ማነው? ከሁሉም በላይ፣ ጥያቄው ምንድን ነው? "ያው፣ ስለ ወቅታዊው ሁኔታ" ካሏችሁ ጥያቄው ገና አልተወለደም ማለት ነው። እናንተው አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው። ብዙ ጊዜ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፤ ሥራ ቀነሳችሁላቸዋ።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ፦ ያጠናሁት፣ ያነበብኩት፣ የሰማሁት። የመጀመሪያውን አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ። ሁለተኛውን ከየት እንዳገኛችሁት እየጠቀሳችሁ። ሦስተኛው ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ይሁን።

ቃለ መጠይቁ የሚቀረጽ ከሆነ ደግሞ መቀሱን አስቡ። ሃያ ደቂቃ ታወራላችሁ፣ ሃያ ሰከንድ ይወጣል። አንድ ጊዜ "ጥምር መንግሥቱ ይቀጥላል" አልኩና ትንፋሽ ወስጄ "ይህ የሚሆነው ትንሹ ፓርቲ ካልወጣ ነው" ብዬ ጨመርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተቆረጠ። ትንሹ ፓርቲም ወጣ። አሁን "ትንሹ ፓርቲ ካልወጣ ጥምር መንግሥቱ ይቀጥላል" እላለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። ደግነቱ አማርኛ "ከሆነ"ን እና "ካልሆነ"ን ከፊት ማስቀመጥ ይወዳል። ተጠቀሙበት።

ቁጥር ላይ ረጋ በሉ። ሺህ ያህል ሰው የተጠየቀበት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በሁለቱ ተፎካካሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን ደግሞ የስህተቱ ወሰን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ 48 ለ46 ሲሏችሁ "እየመራ ነው" ብላችሁ አትፍረዱ።

ይህም አይበቃም። ድምፅ ወደ ሥልጣን የሚለወጠው በየትኛው ሕግ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ሂላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ ከዶናልድ ትራምፕ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ብልጫ ድምፅ አግኝተው ተሸንፈዋል፤ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው የክልሎቹ የመራጮች ጉባኤ ነውና። መላ አገሪቱን የለኩት ጥናቶች ያን ያህል አልራቁም ነበር። ብዙ ተንታኝ የወደቀው ያንን ቁጥር የማሸነፊያ ቁጥር አድርጎ ሲያነብ ነው። ከጋዜጠኛው የምትለዩት እዚህ ጋ ነው። ጋዜጠኛው ውጤቱን ይዟል፣ እናንተ ሕጉን።

ለአቀራረብ እኔ የምቀናው በእንግሊዛዊው የምርጫ ተንታኝ ዴቪድ በትለር ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1950 ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ውጤት ሌሊትን በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ የ25 ዓመት ወጣት ሆኖ ቀርቧል፤ እስከ 1979ም ዘልቋል። ሰው ያስለመደው ስሌት ቀላል ነው። አንዱ ፓርቲ 4 ነጥብ ከጨመረ፣ ሌላው 6 ከቀነሰ፣ ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ። የመራጩ ሽግግር 5 ነጥብ ነው። ተመልካች እቤቱ ተቀምጦ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ከዚያ በኋላ ቃላት ማብዛት ምን ያደርጋል?

የፓርቲ አማካሪ ከሆናችሁ ገና ሰላምታ ላይ ተናገሩት። ሲታወቅባችሁ ያስጠላል።

ትንበያን በተመለከተ አንድ የሚያሳፍር ጥናት አለ። የፖለቲካ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ቴትሎክ የ284 ባለሙያዎችን ከ80,000 በላይ ትንበያዎች ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አወጣ። ሚዲያ አብዝቶ የሚጠራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሳሳቱ ነበር። ይህን ሳነብ የራሴ ፎቶ የተለጠፈበት መሰለኝ።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። በአየር ላይ የተነበይኩትን እዚያው ቀን እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ በመቶኛ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ፣ መቼ እንደሚታወቅ። "ሊሆን ይችላል" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ እሱማ መቼም አይሳሳትም። 70 በመቶ ያልኩት ከአሥር ሰባት ጊዜ ገደማ ካልሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ያ የተሸነፈው ሰውዬ ስም አለ።