ዩኒቨርሳል ሪሞት ከመግዛትዎ በፊት፦ ዕቃዎ የሚቀበለው ብርሃን ነው ወይስ ሬዲዮ?

አዲስ አገር ገብተው ዕቃ የተሟላለት ቤት ሲከራዩ ወይም ያገለገለ ቴሌቪዥን ሲገዙ ብዙ ጊዜ ዕቃው ይኖራል፤ ሪሞቱ ግን የለም። ዩኒቨርሳል ሪሞት ልግዛ ማለት ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ሆኖም ማሸጊያው ላይ «ለሁሉም ዕቃ ይሠራል» የሚለውን ብቻ አምነው ከገዙ ቤት ሲደርሱ እንቢ ሊልዎት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሪሞቱ ጥራት አይደለም። ሪሞቱ ትእዛዝ የሚልከው በማይታይ ብርሃን ሆኖ ሳለ ዕቃው የሚቀበለው በሬዲዮ ሞገድ ከሆነ፣ የፈለጉትን ያህል ኮድ (ሪሞቱን ከዕቃው ጋር ለማስማማት የሚያስገቡትን ቁጥር) ቢሞክሩ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዕቃው የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ የሚቀበለው በምን መንገድ እንደሆነም ማወቅ አለብዎት።

አብዛኛዎቹ ርካሽ ዩኒቨርሳል ሪሞቶች የሚሠሩት ኢንፍራሬድ በሚባለው በዚህ የማይታይ ብርሃን ብቻ ነው። በሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ዓይን የማያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ትልካለች። ይህ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ በዚህም ምክንያት ተቀባዩ ዕቃ የሪሞቱን ብርሃን ከክፍሉ መብራት ለይቶ ያውቀዋል። ፋብሪካዎች የተለያየ ፍጥነትና የተለያየ የኮድ አደራደር ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ የሶኒ ዕቃዎች 40,000 ጊዜ ይመርጣሉ። ለአዲስ ገቢ ደስ የሚለው ነገር እነዚህ የኢንፍራሬድ ኮዶች በዋናነት የሚለያዩት በአገር ሳይሆን በፋብሪካና በሞዴል መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር ይዘውት የመጡት ሪሞት ለተመሳሳይ ፋብሪካ ቴሌቪዥን የመሥራት ዕድል አለውና ሳይሞክሩት አይጣሉት።

ኢንፍራሬድ በቤት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ነገር ግን ይህ ባትሪው ሙሉ ሲሆንና ሪሞቱ በቀጥታ ወደ ዕቃው ሲያነጣጥር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወደ ጎን ዞር ሲሉም እንዲሁ ይዳከማል። ግድግዳና የእንጨት በር ሙሉ በሙሉ ይጋርዱታል፤ ተራ መስታወት ግን ያሳልፈዋል፤ ነጭ ግድግዳና ጣሪያም ስለሚያንጸባርቁት አንዳንድ ጊዜ ፊትዎን አዙረው ቢጫኑም ይሠራል። በቴሌቪዥኑ ግርጌ ፊት ለፊት የቆመ ሳውንድባር (ረጅም የድምፅ ማጉያ) ተቀባዩን ሲሸፍነው ሰዎች ሪሞቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ሳውንድባሩን ጥቂት ዝቅ ወይም ገለል ማድረግ ብቻ ይበቃል። ሪሞትዎ ማታ እየሠራ ቀን ቀን እንቢ ካለ ተቀባዩ ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን መኖሩን ይመልከቱ። ከቅርብ ሠርቶ ከሩቅ ካልሠራ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ።

አሮጌው ሪሞት እጅዎ ላይ ካለ በምን እንደሚሠራ ለማወቅ የስልክዎን የፊት ካሜራ ይክፈቱ፤ የኋላው ካሜራ በብዙ ስልኮች ላይ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራ ላያሳይ ይችላል። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረው አንድ ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ካዩ ኢንፍራሬድ ይልካል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ሞክረው አይወስኑ። እንደ ፋየር ቲቪ ስቲክ ባሉ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተሰክተው የኢንተርኔት ቪዲዮ በሚያሳዩ ዕቃዎች ሪሞት ላይ የድምፅ መጨመሪያውን ሲጫኑ ብልጭታ ታይቶ የቀስቱን ቁልፍ ሲጫኑ ምንም ላይታይ ይችላል። ምክንያቱም የድምፁ ትእዛዝ በብርሃን ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሄድ፣ የቀስቱ ትእዛዝ በብሉቱዝ፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ፣ ወደ ስቲኩ ስለሚሄድ ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በእነዚህ ስቲኮች ላይ ነው። ከቴሌቪዥኑ ኋላ የሚሰካው ፋየር ቲቪ ስቲክ ኢንፍራሬድ የሚቀበልበት ዓይን ስለሌለው ተራ ዩኒቨርሳል ሪሞት በቀጥታ ሊያዘው አይችልም። ሮኩ የሚባለው ተመሳሳይ ዕቃ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ኤክስፕረስ የሚባለው በኢንፍራሬድ ስለሚታዘዝ ለሪሞቱ ፊት ለፊት መታየት ሲኖርበት፣ ስቲኮቹ በሬዲዮ ስለሚገናኙ ከኋላ ተደብቀውም ይሠራሉ። የአፕል ቲቪ ሣጥን ሁለቱንም ይቀበላል። ለብሉቱዝ ዕቃ የሚገዛው ምትክ ሪሞት ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት፤ ከገዙ በኋላም ከዕቃው ጋር ማጣመር ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ የሳምሰንግና የኤልጂ ቴሌቪዥኖች ግን ከሪሞታቸው ጋር በገመድ አልባ ሬዲዮ ቢነጋገሩም ኢንፍራሬድም ይቀበላሉ። ስለዚህ ተራው ዩኒቨርሳል ሪሞት ማብራት፣ ማጥፋት፣ ድምፅና ቻናል መቀየር ይችላል፤ በድምፅ ማዘዝንና በማያ ገጹ ላይ ጠቋሚ ማንቀሳቀስን ግን ከእርሱ አይጠብቁ።

የስቲኩ ሪሞት ከጠፋ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት አንድ መፍትሔ እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን በሚያስተላልፈው ማገናኛ) የተገናኙ ዕቃዎች በዚያው ማገናኛ ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ሲኢሲ የሚባል አሠራር አለ። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ በሚል ስም ያገኙታል። ይህ ሲበራና ስቲኩም ሲፈቅድ፣ ርካሹ ዩኒቨርሳል ሪሞት ለቴሌቪዥኑ በኢንፍራሬድ የሰጠውን የቀስት ትእዛዝ ቴሌቪዥኑ ራሱ ለስቲኩ ያስተላልፍለታል። በስልክ መተግበሪያ ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩና ስቲኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ቤት የቀየረ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው፤ ስቲኩ የሚያውቀው የድሮውን ቤት ዋይፋይ ነው፣ አዲሱን ለማስገባት ደግሞ ሪሞት ይጠይቃል። የድሮውን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል የሚያስታውሱ ከሆነ በአንድ ስልክ ላይ በዚያው ስምና የይለፍ ቃል ሆትስፖት ከፍተው፣ መተግበሪያውን በሌላ ስልክ በዚያው ሆትስፖት ላይ በማስገባት ስቲኩን ማዘዝ ይችላሉ።

ኤር ኮንዲሽነር የራሱ ባሕርይ አለው። የቴሌቪዥን ሪሞት አንድ ቁልፍ ሲጫን አንድ ትእዛዝ ይልካል፤ የኤር ኮንዲሽነሩ ግን በእያንዳንዱ ጭነት ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ፍጥነትና የሥራውን ዓይነት አንድ ላይ ይልካል። ስለዚህ ለቴሌቪዥን የተሠራ ዩኒቨርሳል ሪሞት አይሆንለትም፤ ለኤር ኮንዲሽነር ተብሎ የተሠራውን ይግዙ።

የጋራዥና የግቢ በር ሪሞት የሚሠራው በሬዲዮ ነው፤ ድግግሞሹም እንደ አካባቢው ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ 315፣ በአውሮፓ ደግሞ 433.92 ወይም 868 ሜጋኸርዝ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው የተወሰደ የበር ሪሞት ላይሠራ ይችላል፤ ባልተፈቀደ ድግግሞሽ ማሰራጨትም ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ አዳዲስ በሮች በተጫኑ ቁጥር የሚለዋወጥ ኮድ ስለሚጠቀሙ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በቀላሉ አይቀዱም። ይህን በራስዎ ከመሞከር ይልቅ አከራይዎን ወይም የሕንፃውን አስተዳደር መጠየቅ ይሻላል።

የገዙትን ሪሞት ሲያስተካክሉ በመጀመሪያ የሠራው ኮድ ላይ አይቁሙ። አንድ ኮድ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ካበራ በኋላ ድምፁን፣ ሜኑውንና የኤችዲኤምአይ መምረጫውን ይሞክሩ፤ አንዱ እንቢ ካለ ለዚያው ፋብሪካ የተሰጠውን ቀጣዩን ኮድ ያስገቡ። ሪሞቱ ኮዶቹን በራሱ እየፈለገ ከሆነ ቁልፉን ቀስ ብለው፣ በየመሐሉ ቆም እያሉ ይጫኑ፤ ከተጣደፉ ትክክለኛው ኮድ ያልፍዎታል። ዋናው ሪሞት በእጅዎ ካለና የአንዳንድ ቁልፎቹ ጎማ ብቻ ከደከመ ደግሞ መማር የሚችል ዩኒቨርሳል ሪሞት ይምረጡ፤ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያስተምሩታል። የሠራውን ኮድ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከባትሪው ክዳን ውስጥ ይለጥፉት፤ አንዳንድ ሪሞቶች ባትሪ ሲወጣባቸው ኮዱን ይረሳሉና የኮዱ ዝርዝር ቢጠፋብዎ እንኳ እንደገና መፈለግ አይኖርብዎትም።