አሮጌ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከተማ በብዙ ቤቶች፣ በቡፌ መሳቢያ ወይም ከአልጋ ሥር በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተቀረጹ የሠርግ፣ የኒካህ፣ የክርስትና እና የምረቃ ካሴቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ካሴቶች ውስጥ የሚታዩት አንዳንዶቹ ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሲስቁና ሲመርቁ የሚሰማውም እዚያ ብቻ ነው። ማጫወቻው ደግሞ ከገበያ እየጠፋ ነው። የጃፓኑ ጄቪሲ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የቪኤችኤስ ዴክ ለአርባ ዓመታት ያህል ሲመረት ቆይቶ፣ የመጨረሻው አምራች የነበረው ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ዴኮችና ካሜራዎች ሲበላሹ የሚተካቸው አዲስ ዕቃ የለም።

አሮጌ ካሴት ስንት ጊዜ እንደሚጫወት አይታወቅም፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደህና የሚጫወትበት የመጀመሪያው ጊዜ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት ጊዜ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው አብዛኛዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት ይህንን ከመዘንጋት ነው።

«እስኪ ይሠራ እንደሆነ እንየው» ብሎ ማጫወት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ የሚፈጸመውም በክፋት ሳይሆን በናፍቆት ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ወይም ለዓመት በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ለዓመታት ያልተነካ ዴክ ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ የእናትና የአባት የሠርግ ካሴትም ወዲያው ይገባበታል። በዴኩ ውስጥ ያለው ጎማ ደርቆ፣ ቀበቶውም ላልቶ ስለሚቆይ ክሩን እኩል መጎተት ያቅተዋል፤ በዚህም ምክንያት ክሩ ተርፎ ይወጣና ይጠማዘዛል፣ ይጨማደዳል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ለዓመታት የቆመ ዴክ ቢበላሽ በማያሳዝን ካሴት፣ ለምሳሌ ከቴሌቪዥን በተቀዳ አሮጌ ፊልም፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይሞከር የቤተሰብ ካሴት ሊገባበት አይገባም። በዚህ ሙከራ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠኑ፣ ካሴቱንም ያለ ችግር መመለሱ መታየት አለበት።

ካሴቱ ራሱም ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት። የካሴት ክር በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የመግነጢስ ዱቄት በማጣበቂያ ተይዞ የተሠራ ነው፤ ማጣበቂያው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ በጊዜ ብዛት ይፈርሳል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ በማይለያት በጅማ ይህ ችግር ከደረቅ አካባቢዎች ይልቅ ፈጥኖ ይመጣል። ሳይደርቅ የተከመረ ቡና እንደሚሻግት፣ እርጥበት በያዘ ግድግዳ ሥር የተደረደረ ካሴትም ይሻግታል። ካሴቱን በመስኮት ብርሃን አዘንብለው በመስታወቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ይመልከቱ። ጤነኛ ክር ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ልሙጥ ነው። በጠርዙ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት፣ ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ሽታውም ብዙ ጊዜ ይናገራል።

የሻገተ ካሴት በየትኛውም ዴክ ውስጥ መግባት የለበትም። ሻጋታው ምስሉን በሚያነቡት ሄዶች ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያም ቀጥሎ ወደሚገባው ንጹሕ ካሴት ይተላለፋል፤ አንድ ካሴት ለማየት ተብሎ ሳጥን ሙሉ ካሴት ይበከላል። እንዲህ ዓይነቱን ካሴት ከሌሎቹ ለይተው በላስቲክ ከረጢት ያስቀምጡት፣ ሲከፍቱትም ደጅ ሆነው አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ማጽዳቱን ግን ካሴት ፈትቶ መግጠም ለሚያውቅ ሰው ይተዉት።

ለማድረቅ ሲባል በፀሐይ ወይም በሙቀት ማሞቅ

ካሴቱ እርጥበት ይዟል ሲባል ብዙ ሰው ቆርቆሮ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ያሰጣዋል፣ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ይይዝለታል። ሙቀቱ የካሴቱን ቤት ያጣምማል፣ ክሩንም ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ክር ደግሞ አይመለስም። አንዳንድ የድምፅ ክሮች በባለሙያ እጅ፣ በተመጠነ ሙቀት እንደሚጋገሩ የሰሙ ሰዎች ያንኑ በቤታቸው ምድጃ ይሞክራሉ፤ ያ ሥራ ለተወሰኑ የክር ዓይነቶች ብቻ የሚሆን ስለሆነ ለቤት ቪዲዮ ካሴት ፈጽሞ አልመክረውም። ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ነው፤ ካሴቶቹን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚስቡ ትናንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የተገኘ ከረጢት ሜዳ ላይ ከርሞ ከሆነ ቀድሞውኑ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚሆን አይጠቅምም። ምርጫ ካለዎት ሥራውን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ያድርጉት፤ ቡና በአልጋ ላይ በሚሰጣበት በዚያ ወቅት ካሴቱም ዴኩም ያርፋሉ።

የመቅረጫ መከላከያውን መዘንጋት

በቪኤችኤስ ካሴት ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ካልተሰበረች፣ በአንዲት የተሳሳተ ቁልፍ ሠርጉ ጠፍቶ ባዶ ምስል ሊቀረጽበት ይችላል። በትናንሾቹ የካሜራ ካሴቶች ላይ የምትሰበር ሳይሆን የምትንሸራተት በር አለች። ይህ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይደረግ።

የካሴቱን ዓይነት ሳይለዩ ዕቃ መግዛት

ቪኤችኤስ ሲ የተባለችው ትንሽ የካሜራ ካሴት በትልቅ የካሴት ቤት ውስጥ ገብታ በተራ ዴክ ትጫወታለች። ይህንን ያዩ ሰዎች ለቪዲዮ ኤይት፣ ለሃይ ኤይት እና ለሚኒ ዲቪ ካሴቶችም ተመሳሳይ ዕቃ ፍለጋ ይንከራተታሉ፤ የክራቸው ስፋትም አቀራረጹም የተለየ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። የቪኤችኤስ ክር 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የቪዲዮ ኤይት 8 ሚሊ ሜትር፣ የሚኒ ዲቪ ደግሞ 6.35 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እነዚህ የሚጫወቱት በየራሳቸው ካሜራ ወይም ማጫወቻ ነው፤ ስለሆነም ሌንሱ የተሰበረ ወይም ባትሪው የሞተ አሮጌ ካሜራ በቤትዎ ካለ አይጣሉት። ባትሪ ባይዝም በኤሌክትሪክ አስማሚው እስከሠራ ድረስ፣ ካሴቱን የቀረጸው ያው ካሜራ ከማንም በተሻለ ሊያነበው ይችላል፤ በተለይ በረጅም ሰዓት አቀራረጽ የተሞሉ ካሴቶች በሌላ ካሜራ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ይቆራረጣሉ።

ሚኒ ዲቪ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ከመጀመሪያውም ዲጂታል ስለሆነ በቢጫና ቀይ ገመድ መገልበጥ ጥራትን በከንቱ ማባከን ነው። ፋየርዋየር በተባለው ዲጂታል ገመድ ሲገለበጥ በክሩ ላይ ያለው መረጃ እንዳለ ይተላለፋል፤ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። የዩኤስቢ ገመዱን ከፋየርዋየሩ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ በብዙዎቹ ካሜራዎች ዩኤስቢው ፎቶ ለማውጣት ወይም አነስተኛ ጥራት ላለው ምስል ብቻ የተሠራ ነው።

ምልክቱን ሳያነቡ ካሴቱ ሞቷል ብሎ መደምደም

ብዙ ካሴት የሚጣለው ሳይሞት ነው። የምስሉ ብልሽት መልክ መንስኤውን ስለሚጠቁም ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል።

ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ በረዶ በመሰለ ነጠብጣብ ከተሸፈነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸው ሄዱ እንጂ የተበላሸው ክሩ አይደለም። በተራ ዴክ ድምፁ የሚነበበው በክሩ ጠርዝ ላይ በቆመ ሌላ ሄድ ሲሆን ምስሉ የሚነበበው በእኛ አገር በተለመደው፣ ፓል በተባለው የምስል ሥርዓት በሚሠራ ዴክ በደቂቃ 1500 ጊዜ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ባሉት ጥቃቅን ሄዶች ነው፤ እነዚህን ለመድፈን ትንሽ ብናኝ ይበቃል። እዚህ ላይ በጥጥ እንጨት ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት የብዙ ዴክ መጨረሻ ሆኗል፤ የጥጡ ክር ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። ዴኩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ቆዳ ወይም ክር በማይለቅ ጨርቅ፣ ጨርቁን በቀስታ አስደግፈው በሌላው እጅ ከበሮውን በአግድም ማዞር ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ የሚገኝ አረቄም ሆነ ሽቶ ውኃና ቅባት ስላለው አይተካውም። አልኮሉ እስኪደርቅም ካሴት አይገባም።

በምስሉ ላይ ነጫጭ ሰረዞች አግድም ከተኙና ከቦታ ቦታ ከተንቀሳቀሱ፣ ትራኪንግ የተባለው ማስተካከያ ነው የሚፈለገው። አውቶማቲኩ ካልረዳ በእጅ ቀስ እያሉ ያስተካክሉ፤ በተለያየ ካሜራ የተቀረጹ ክፍሎች በአንድ ካሴት ላይ ካሉ ለየክፍሉ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። በምስሉ ግርጌ ብቻ የምትታየዋ ቀጭን የተዛባች መስመር ግን ከሄድ ወደ ሄድ ሲለወጥ የምትፈጠር ስለሆነች ብልሽት አይደለችም፤ በድሮ ቴሌቪዥን ጠርዝ ሥር ተደብቃ ነበር የምትኖረው።

ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ምስሉ ወደ ላይ ከተንከባለለ፣ ካሴቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። እኛ የምንጠቀመው በሴኮንድ 25 ምስሎች ያሉት ፓል ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ካሴት ግን በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ባለው ኤንቲኤስሲ የተቀረጸ ነው። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ያስፈልገዋል፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራምም እንደ ካሴቱ መስተካከል አለበት።

ስክሪኑ በየመሃሉ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በካሴቱ ሳይሆን በዴኩ ውሳኔ ነው፤ ምልክቱ ሲደክምበት ይሸፍነዋል። ይህንን ከዴኩ ሜኑ ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ ከሥሩ የሚገኘው ምስል የተጎዳ ቢሆንም ከሰማያዊ ስክሪን ይሻላል። ክሩ እየተጎተተ ሲጮኽ ከሰሙ ግን አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ያቁሙ። ያ ድምፅ ማጣበቂያው መልቀቅ መጀመሩን የሚያመለክት ነው፣ እየጮኸ በተጫወተ ቁጥርም ዱቄቱ ከክሩ ላይ ይላጣል።

በርካሽ መገልበጫ ተማምኖ ካሴቱን ጀምሮ መሄድ

በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሽ መገልበጫ ለጤነኛ ካሴት ሊበቃ ይችላል። ያረጀ ክር ግን ምልክቱን እኩል በሆነ ጊዜ ስለማይልክ ኮምፒውተሩ ምስሎች ይዘላል፤ መጀመሪያ ላይ የማይታወቀው ጉድለት ከአንድ ሰዓት በኋላ የሙሽራው አባት ምርቃት ከከንፈሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲሰማ ያደርጋል። መፍትሔው ምልክቱን የሚያስተካክል ዕቃ በመካከል ማስገባት ነው፤ አንዳንድ የዲቪዲ ሪኮርደሮችና የቀድሞውን የአናሎግ ካሴት የሚያነቡ የዲጂታል ኤይት ካሜራዎች ይህንን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። ካሴቱን አስጀምሮ ገበያ መውጣት አይገባም። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መስማትና መመልከት አለበት፤ ካለቀ በኋላም መጨረሻው ላይ ድምፅና ምስል መግጠማቸው ካልታየ ሥራው ተሠራ አይባልም።

መብራት እንደሚቋረጥም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም ዴኩ ክሩን ከበሮው ላይ እንደጠመጠመ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ካሴቱን በእጅ ጎትቶ ማውጣት ክሩን መቁረጥ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ዴኩ ራሱ ክሩን ይሰበስባል። ቀረጻው ኤምፒ4 በተባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ ድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ላይከፈት ስለሚችል፣ በኤምኬቪ መቅረጹ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ከተገኘ ኮምፒውተሩንም ዴኩንም አብሮ ያያይዙ።

ቴሌግራምን እንደ ማኅደር መቁጠር

የፓል ካሴት የመጀመሪያው ቅጂ በ720 በ576 ፒክሰል መጠን፣ ሳይጨመቅ ወይም መረጃ በማያጠፋ መንገድ ተጨምቆ መቀመጥ አለበት። የሚላላከው ቅጂ ከእርሱ ይዘጋጃል። ቪዲዮ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ ሙሉው እንዲደርስ ከተፈለገ እንደ ፋይል መላክ አለበት። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ የተቀመጠም እንዳልተገለበጠ ይቆጠር፤ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ፣ አንደኛው ጅማ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ይመረጣል።

ቀኑን ማምታታት

በካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በምስሉ ጥግ የሚታየው ደግሞ ካሜራው የያዘው የአውሮፓ ቀን ነው። ጥር 12 ቀን 1989 የተባለው ሠርግ በምስሉ ላይ 20 1 1997 ሆኖ ቢታይ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የካሜራው ሰዓት ፈጽሞ ካልተስተካከለ ግን የሚታየው ቀን ምንም ማለት አይደለም። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፣ የካሴቱን ሽፋንና ጽሑፉንም በስልክ ፎቶ አንስተው ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ። ከሁሉ በላይ፣ ከገለበጡ በኋላ ቪዲዮውን ከአባባ ወይም ከእማማ ጋር ተቀምጠው አይተው፣ በምስሉ የሚታዩትን ሰዎች ስም ከደቂቃው ጋር ይመዝግቡ። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የሞላበት ሠርግ ለልጅ ልጅ ብዙም አይነግርም።

ካሴቱን መጣል

ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱ አይጣል፤ ነገ የተሻለ ዴክ ወይም የተሻለ መገልበጫ ሊገኝ ይችላል። እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ፣ በሽፋኑ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ከስፒከር አጠገብ ሳይሆን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የሲሊካ ጄሉ ከረጢት በየክረምቱ መግቢያ ይለወጥ።