የድሮ ላንድ ሮቨር ትራንስፈር ስትፈቱ ሺሞቹን አደራ!

ሲሪስ 2 ወይም 3 ላንድ ሮቨር ያላችሁ፣ ትራንስፈሩን (ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ቤታችሁ ልትፈቱ ካሰባችሁ ይቺን ያዙልኝ። የኪሎሜትር መቁጠሪያው ገመድ የሚገባበት የኋላ ሽፋን ሲወጣ ከስሩ እንደ ወረቀት የሳሱ ሺሞች፣ ማለትም ክፍተት ማስተካከያ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። አሮጌ ዘይት ስላጣበቃቸው የተበላ ጓርኒሲዮን ይመስላሉ። ፍቃችሁ እንዳትጥሏቸው! የመውጫውን ዘንግ ሁለት ኩሽኔታዎች ልክ የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። ሺም ከበዛ ዘንጉ ይላላል፤ ካነሰ ኩሽኔታው ይግላል፣ ቶሎም ይበላል።

በናፍጣ እጠቧቸውና በክር አስራችሁ ከሽፋኑ ጋር አስቀምጡ። አዲስ ኩሽኔታ ካስገባችሁ ግን በድሮው ልክ አትመኑ፣ እንደገና ለኩ። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ትንሽ ከበድ ይበል እንጂ ወዲያ ወዲህ መነቃነቅ የለበትም። በትራንስፈሩ መሃል ያለው ባለ ጥርስ ማርሽ (ኢንተርሚዲየት ጊር) ደግሞ ወደ ጎን የሚኖረው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው።