ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላያችሁን እዩ

አዲስ ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "የቱ ግራፊክስ ካርድ ይሻላል" ብሎ ነው (ምስሉን ሰርቶ ለስክሪኑ የሚሰጠው ካርድ ማለት ነው)፣ እኔ ደግሞ "ለምን ልትሰራበት ነው፣ ሞኒተርህ ምንድነው፣ ፓወር ሰፕላይህስ (ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ሳጥን) ስንት ዋት ነው" ስለው ጥያቄውን የሸሸሁበት ይመስለዋል። አልሸሸሁም፣ እነዚህ ሶስቱ ሳይመለሱ ካርድ መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው። ዋጋ ደግሞ አልጠቅስም፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለሳምንት አይሆንም።

ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ዩቲዩብ ብቻ ከሆነ ስራችሁ ካርድ አያስፈልጋችሁም፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይበቃል። እዚ ጋ ግን ተጠንቀቁ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከቁጥሩ ኋላ ኤፍ የምትል ፊደል ካለችው፣ እንደ 12400ኤፍ ማለት ነው፣ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ካልገባለት ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ለጌም ከሆነ ሞኒተሩን እዩ። ፉል ኤችዲ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም፣ ስለዚህ 200 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ገዝቶ እሱ ላይ መሰካት ብር መበተን ነው። ለፉል ኤችዲ እንደ ኤኤምዲው አርኤክስ 6600 ወይም እንደ ኢንቪዲያው አርቲኤክስ 4060 አይነት ይበቃል፣ ሁለቱም 8 ጊጋ ሚሞሪ አላቸው።

የአርክቴክቸር ተማሪዎችና ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር የምትሰሩ ግን የእናንተ ነገር ሌላ ነው። ጌም ላይ ሚሞሪ ቢጎድል ሰቲንግ ታወርዳላችሁ ያልፋል፣ ሬንደር (ከ3ዲ ሞዴሉ ምስል ማውጣት) ላይ ግን ሲኑ፣ ማለትም የሰራችሁት ሞዴል በሙሉ፣ የካርዱ ሚሞሪ ውስጥ ካልገባ ወይ መሀል ላይ ይዘጋል ወይ እስኪነጋ ይጎተታል፣ እና ያ ሁሌም የሚሆነው ፕሮጀክት ማስረከቢያ ዋዜማ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን 8 ጊጋ ካለው ከኋላው የወጣ 4060 ይልቅ በፈረንጆቹ 2021 የወጣውን 12 ጊጋውን አርቲኤክስ 3060 ነው የምወስደው፣ በፍጥነት ትንሽ ቢያንስም። ብሌንደር ላይ ደግሞ ኢንቪዲያ ኦፕቲክስ በሚባለው የራሱ የሬንደር ሶፍትዌር ስለሚሰራ ከኤኤምዲ ይቀለጥፋል፣ የኤኤምዲ ወዳጆች አትቆጡኝ።

"3060" ስትሉ ግን ስሙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ባለ 8 ጊጋ 3060ም አለ። ልዩነታቸው 4 ጊጋ ብቻ አይደለም፣ የ12 ጊጋው ሚሞሪ በሰከንድ 360 ጊጋ ያመላልሳል የ8ቱ 240 ብቻ። ጂቲ 1030 ደግሞ ይብሳል፣ ሚሞሪው ጂዲዲአር5 የሆነው በሰከንድ 48 ጊጋ ሲሆን ዲዲአር4 የተባለው ወደ 17 ገደማ ነው፣ ስማቸው ግን አንድ ነው። አርኤክስ 580 ሲሏችሁም 2048 ኤስፒ የሚል ጽሁፍ ካለበት በጉልበት ከሱ የሚያንሰው 570 ነው በሉት።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ለካርድ የሚሰጠው 75 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ይጨምራል፣ ባለ 8 ፒኑ 150። ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት ስለሚሰራ ብዙዎቹ ሞዴሎች ገመድ አይፈልጉም፣ 4060 115 ዋት፣ 6600 132፣ 3060 170 ይበላሉ። ከነሙሉ ኮምፒውተሩ ኢንቪዲያ ለ3060 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው። እና "500 ዋት" ተብሎ በትልቁ የተጻፈውን አትመኑ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብቡ። 12 ቮልት የሚለው ስር ስንት አምፒር እንዳለ ፈልጉ፣ 18 ቢል 18 ሲባዛ በ12 ማለት 216 ዋት ነው፣ ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚካፈሉት እሷኑ ነው፣ ቀሪው ቁጥር ለጌጥ ነው። 8 ፒን ገመድ የለውም ተብሎ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ ሳታ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ከዛ በላይ ሲጎተት ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ኬዛችሁንም በሜትር ለኩት፣ ባለ ሶስት ፋን ካርዶች ውስጥ ከ30 ሳንቲ የሚያልፉ አሉ።

ያገለገለ ካርድ ለምትገዙ አንድ ጉድ ላውራችሁ። አንዴ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ በርካሽ አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ሄጄ ገዛሁ፣ ቤት ስሰካው ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ይላል፣ ጌም ሲከፈት ግን እንደ ስላይድ ሾው ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነጻ ሶፍትዌር አውርጄ ስከፍት ስሙ ፊት "ፌክ" ብላ ጻፈችልኝ፣ 768 ኮር (ስሌቱን የሚሰሩት የቺፑ ክፍሎች) ሊኖረው ሲገባ 192 ነው። ለካ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ የጂቲኤስ 450 ቺፕ ላይ ባዮሱን (ካርዱ ስሙን የሚናገርበትን የውስጥ ሶፍትዌር) ቀይረው ነው የሸጡልኝ። የሚያናድደው ምልክቱ ፊቴ ነበር፣ ኋላው ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ነበረው። የ10 ተከታታይ ቺፖች ቪጂኤ ማውጣት ትተዋል፣ 1050 ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካያችሁ አስቀምጡትና ሂዱ።

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ይሰካላችሁ። ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዛ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የሚባል ሶፍትዌር ለ15 ደቂቃ አስነሱት፣ ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ እናንተም ብር የላችሁም። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይ መስመር ከወጣ አትግዙ፣ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ እያለፈ ከወጣ ደግሞ ቢያንስ ቺፑ ላይ የሚቀባው የሙቀት ፓስታ ደርቋል ማለት ነው ዋጋ አስቀንሱበት። እጃችሁን ፋኖቹ ጋ አስጠጉ ሁሉም ይዙሩ፣ የሚንገጫገጭ ድምጽ አድምጡ፣ ኤችዲኤምአዩንና ዲስፕሌይ ፖርቱን አንድ በአንድ ሞክሩ። ማይኒንግ (የክሪፕቶ ቁፋሮ) ላይ ውሏል ሲባል ብዙ ሰው ይሸሻል፣ ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ በፈረንጆቹ መስከረም 2022 በካርድ መቆፈሩን ሲያቆም ገበያው በነሱ ተሞልቶ ነበር፣ እኔ ግን ፈተናውን ካለፈና ዋጋው ከቀነሰ እገዛለሁ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀው ፋኑ ነው እንጂ ቺፑ አይደለም።

ስትገጥሙ መብራቱን ነቅላችሁ ነው፣ ክሊፑ ቀጭ እስኪል ግፉት፣ ብሎኑን እሰሩ። ሰፈራችሁ መብራት ሄድ መጣ የሚል ከሆነ ዩፒኤስ ባይሆን ስታቢላይዘር አስቀድሙ።

የሞኒተሩ ገመድ ደግሞ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ትስቁ ይሆናል፣ ግን የአክስቴ ልጅ 3060 ገዝቶ "ተሸወድኩ፣ ይሄም ፌክ ነው" ብሎ በሌሊት ደውሎ ቀስቅሶኝ በቪዲዮ ኋላውን አሳየኝ ስለው ገመዷ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክታ ተገኘች።